የእናት ልብ የጽንሱን ጾታ ያውቃል? ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንፈትሻቸው

የእናቶች ጓዳ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ይህ ጥያቄ አይቀርም። ጎረቤት ሆድ አይታ ትፈርዳለች፣ አማት ፊት አይታ ትፈርዳለች፣ እርጉዟ ራሷ ደግሞ «ልቤ ነግሮኛል» ትላለች። ቡና ላይ የሚነገሩትን ሰብስቤ አምጥቻለሁ። ሆዷ ሹል ሆኖ ወደ ፊት ከወጣ ወንድ፣ ወደ ጎን ከተንጣለለ ሴት። ፊቷ ማዲያት ካወጣ ልጅቷ ውበቷን ወሰደችባት። ጠዋት ጠዋት ካስመለሳት ሴት። በቀኝ ጎኗ ከተራገጠ ወንድ። ጣፋጭ ካማራት ሴት፣ ሥጋና ጨው ያለው ነገር ካማራት ወንድ። በህልሟ ጦር ወይም ጠመንጃ ካየች ወንድ፣ ቀለበት ወይም ጉትቻ ካየች ሴት። የልብ ምቱ ከ140 በላይ ከሆነ ሴት። ከኢንተርኔት የመጡት ደግሞ የእናትን ዕድሜና የጽንሰቱን ወር አይቶ ጾታ የሚተነብይ የቻይና ሰንጠረዥ፣ ሽንት ላይ ቤኪንግ ሶዳ መጨመር፣ ቀለበት በክር አንጠልጥሎ ሆድ ላይ ማወዛወዝ ናቸው።

«እኔ ሦስቱንም አስቀድሜ አውቄ ነበር» የሚል ምስክርነት ሌላ ቦታ ሞልቷል። እዚህ ግን ሥራውን የምታውቁ ሰዎች አሠራሩን ጻፉልን። ከእነዚህ ውስጥ የተፈተነው የትኛው ነው? የሆድን ቅርጽ ምን ይወስነዋል? አልትራሳውንድ ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ይታመናል? ሲሳሳትስ ለምን ይሳሳታል?

ቁጥር ይናገር

መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ። በተለምዶ 100 ሴት ሲወለዱ 105 ያህል ወንድ ይወለዳል። ስለዚህ ሆድ ሳያይ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ለሁሉም «ወንድ ነው» የሚል ሰው ከ100 ግምት 51ዱ ይሳካለታል። አንድ ምልክት ዋጋ አለው የምንለው ከዚህ ሲበልጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር «ሦስቱንም አውቄያለሁ» የሚለው ነው። ሳንቲም እየወረወሩ መገመት እንኳ ሦስቱንም የማግኘት ዕድል ከ8 አንድ ነው። 1000 እናቶች ሦስት ሦስት ጊዜ ቢገምቱ 125 ያህሉ ምንም ሳያውቁ ሦስቱንም ያገኛሉ። የሚናገሩት እነዚህ 125ቱ ናቸው፤ ሁለቱን አግኝታ አንዱን የሳተችው አታወራም። ውሸት የለበትም፣ ያልተሳካ ግምት ከአእምሮ ቶሎ ስለሚጠፋ ነው።

በ1999 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ለመፈተን 104 ነፍሰ ጡሮችን ግምታቸውን ከወሊድ በፊት አስመዝግቧቸዋል። ልክ የሆኑት 55 በመቶ ናቸው፤ ከሳንቲም ውርወራ የሚለይ አይደለም። የሆድ ቅርጽም፣ ማቅለሽለሽም፣ ከቀድሞው እርግዝና ጋር ማነጻጸርም ጾታውን አላመለከተም።

የቻይናው ሰንጠረዥ ደግሞ በስዊድን ከ1973 እስከ 2006 በነበሩ 2.8 ሚሊዮን ያህል ወሊዶች ላይ ተሞክሮ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ተገኝቷል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አዋላጅ ነኝ

የሆዱን ነገር ልውሰደው፤ በእኛ ሥራ ጉዳት ሲያመጣ የሚታየው እሱ ነው።

ሆድ ሹል ወይም ሰፊ የሚሆነው በአራት ነገር ነው። አንደኛ የሆድ ጡንቻ፦ በመጀመሪያ እርግዝና ጡንቻው ስላልላላ ማሕፀኑን ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይይዘዋል፤ ሦስትና አራት የወለደች ሴት ሆዷ ወደ ፊትና ወደ ታች ይወድቃል። ሁለተኛ የእናቲቱ ቁመት፦ ከጎድን አጥንት እስከ ዳሌ ያለው ቦታ አጭር ከሆነ ማሕፀኑ ወደ ፊት ከመውጣት ሌላ መሄጃ የለውም። ሦስተኛ የሽርት ውሃው መጠን ነው። አራተኛውና ዋናው የጽንሱ አቀማመጥ ነው። ጀርባውን ወደ እናቱ ሆድ ካዞረ ሆዱ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ጀርባውን ወደ እናቱ ጀርባ ካደረገ እምብርት አካባቢ ጠፍጠፍ ወይም ጎድጎድ ይላል፤ አግድም ከተኛ ደግሞ ሆዱ ወደ ጎን ይሰፋል።

ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። በ36ኛው ሳምንት ሆዷ ወደ ጎን የተንጣለለ ሴት «ሴት ልጅ ናት» ተብላ እቤት ስትቀመጥ ጽንሱ አግድም ተኝቶ ሊሆን ይችላል። አግድም የተኛ ጽንስ በምጥ አይወለድም። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ደግሞ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሰፊ ሆድ ያያችሁ ጎረቤቶች ጾታ ከመገመታችሁ በፊት «ጤና ጣቢያ ሆድሽን ዳስሰው ጭንቅላቱን አገኙት?» ብላችሁ ጠይቋት።

እኛ ሆድን በዓይን አንገምትም፤ በሜትር እንለካዋለን። ፊኛዋን ባዶ አድርጋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ከብልት አጥንት የላይኛው ጠርዝ እስከ ማሕፀኑ አናት ይለካል። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ሴንቲ ሜትሩ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። ልዩነቱ ከ3 ካለፈ ግን የቀን ስህተት፣ መንታ፣ የሽርት ውሃ መብዛት ወይም ማነስ፣ ወይም የጽንሱ እድገት መዘግየት ይጠረጠራል።

በቀኝ በኩል መራገጡም በዚሁ ይፈታል። እግሩ ከጀርባው ተቃራኒ ነው። ጀርባውን በግራ ያደረገ ጽንስ በቀኝ ይራገጣል፤ ወንዱም ሴቷም እንዲሁ።

ጤና ኤክስቴንሽን

አዋላጅ ነኝ ያለችውን ስለ ፊት ልጨምርበት። ማዲያት ከእርግዝና ሆርሞንና ከፀሐይ የሚመጣ ነው። ሆድ ላይ ከእምብርት ወደ ታች የሚወርደው ጥቁር መስመርም እንዲሁ፤ ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ጥላ ወይም ነጠላ ፊት ላይ ማድረግ ይረዳል። ማንጫ ቅባት ግን በእርግዝና ጊዜ አይቀባም።

ፊት ማበጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከተጨመረ «ልጅቷ ውበቷን ወሰደች» እየተባለ መቀመጥ የለበትም። ደም ግፊቷ በዚያኑ ቀን ይለካ፣ ሽንቷ ለፕሮቲን ይመርመር። ግፊቱ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ የእርግዝና ደም ግፊት ነው።

አምሮትም ጾታ አይናገርም። አፈር፣ ከሰል ወይም በረዶ የሚያምራት ሴት ግን የደም ማነሷ መታየት አለበት። ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። የአይረኑን ክኒን (በተለምዶ 60 ሚሊ ግራም ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር፣ በቀን አንድ) ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቃ ትውሰደው፤ ቡናው አይረኑን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጥ፣ ከክኒኑ ነው።

የእናቶች ጓዳ

የ1999ኙን ጥናት ሌላ ቦታም ስሙን አይቼዋለሁ፤ የተማሩት እናቶች 71 በመቶ ልክ ነበሩ ይባላል። ይህ ከ51 በጣም ይርቃል። «ቁጥር ይናገር»፣ ይህን ለምን ዘለልከው?

ቁጥር ይናገር

ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ መግባት ነበረበት። በዚያው ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የተማሩት 71 በመቶ፣ ከዚያ ያነሰ የተማሩት 43 በመቶ ነው ያገኙት። ሁለቱን ቁጥሮች ግን አብራችሁ ተመልከቷቸው። ትምህርት ስለ ጽንሱ ጾታ የሚነግረን ነገር ካለ፣ ያነሰ የተማሩት እናቶች ከሳንቲም እንኳ ያነሱበት ምክንያት ምንድን ነው? 104 ሰው ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ቡድን ትንሽ ይሆናል፤ ትንሽ ቡድን ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘላል። ጠቅላላው 55 ሆኖ አንዱ ክፍል ከፍ ካለ ሌላው ዝቅ ማለቱ የግድ ነው።

የእናትን ግምት በእውነት መፈተን የምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ። ከ11ኛው ሳምንት በፊት፣ ማንም አልትራሳውንድ ሳያያት፣ ግምቷን፣ ቀኑን፣ ከ10 ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነች እና ምክንያቷን (ህልም፣ ስሜት፣ ምልክት) በወረቀት ትጻፍ። ፖስታው ይታሸግና ሌላ ሰው ያስቀምጠው። «አላውቅም» ማለት አይፈቀድም፤ ግምትን በኋላ መቀየርም አይፈቀድም፤ የተመዘገበ ሁሉ ይቆጠራል። 20 እናቶች ተመዝግበው 15ና ከዚያ በላይ ካገኙ፣ ያ በዕድል ብቻ የሚሆነው ከ100 ሁለት ጊዜ ያህል ነው፤ ያኔ እንነጋገራለን። 12 ወይም 13 ግን ምንም አይናገርም። የዕድር ወይም የማኅበር ሴቶች በቀላሉ ሊሠሩት ይችላሉ።

ስለ ልብ ምቱም ልመልስ። በ2006 የታተመ ጥናት 477 ጽንሶችን በመጀመሪያዎቹ ወራት ለክቷል። የሴቶቹ አማካይ 151.7፣ የወንዶቹ 154.9 ነበር። እንዲያውም የወንዶቹ ትንሽ በለጠ፤ ልዩነቱ ግን ትርጉም ያለው አይደለም።

አዋላጅ ነኝ

የልብ ምቱ እምነት ከየት እንደሚመጣ ለማየት ምቱ ራሱ በሳምንት እንዴት እንደሚለዋወጥ ማወቅ ይበቃል። በ6ኛው ሳምንት አካባቢ 110 ገደማ ይጀምራል፣ በ9ኛው 170 አካባቢ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና በመጨረሻዎቹ ወራት ከ110 እስከ 160 መካከል ይቆያል። ስለዚህ በ9ኛው ሳምንት ያስለካች ሁሉ «ሴት»፣ በ38ኛው ያስለካች ብዙዋ «ወንድ» ትባላለች። በአንድ ቀን ውስጥም ጽንሱ ሲነቃና ሲንቀሳቀስ ይጨምራል፣ ሲተኛ ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲነገራችሁ ጾታ አትፈልጉበት፤ ከ110 እስከ 160 ውስጥ መሆኑን ጠይቁ።

ሥነ ሕይወት መምህር

ቀደምቶቹ ያላነሱት አንድ ነገር አለ፤ በቤታችን ሴቶች የሚጎዱበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

እናት በእንቁላሏ የምትሰጠው ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞዞም ነው። የአባት ዘር ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። ዋይ የያዘው ከደረሰ ወንድ፣ ኤክስ የያዘው ከደረሰ ሴት ይሆናል። ይህ የክሮሞዞም ልዩነት ከ1905 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በዋይ ላይ ሆኖ የወንድ ዘር ፍሬ እንዲፈጠር የሚያዘው ኤስአርዋይ የተባለው ዘረ መል ደግሞ በ1990 ተገኘ። ስለዚህ «ሴት ብቻ ትወልዳለች» ተብላ የምትወቀስ ሚስት በሌላት ነገር ነው የምትወቀሰው። አባትም ቢሆን የሚመርጠው ነገር አይደለም። በቀን ቆጠራ ወንድ ይገኛል የሚለውም አይሠራም፤ ለማርገዝ የሚሞክሩ 221 ሴቶችን የተከታተለ በ1995 የታተመ ጥናት ግንኙነቱ ከእንቁላል መውጫ ቀን ጋር ያለው ርቀት ጾታውን እንደማይለውጥ አሳይቷል።

ጾታው በጽንሰት ቀን ቢወሰንም አካሉ ወዲያው አይለይም። የውጭው ብልት በሁለቱም ጾታ እስከ 11ኛው ሳምንት ገደማ አንድ ዓይነት ትንሽ እብጠት ነው። በ6ኛው ሳምንት ሆድ ውስጥ ያለው ወንድም ሴትም በዓይን ሲታይ አንድ ነው።

ሽንትና ቤኪንግ ሶዳ፦ ሶዳው አሲድ ሲያገኝ አረፋ ያወጣል። የሽንት ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ4.5 እስከ 8 ድረስ ይለዋወጣል፤ ሥጋ ሲበላ አሲዱ ይጨምራል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ሲበዛ ይቀንሳል፣ ብዙ ያስመለሳት ቀን ደግሞ ሌላ ይሆናል። የአረፋው ነገር ከትናንት ምሳ ጋር እንጂ ከጽንሱ ጋር አይገናኝም።

እግረ መንገዴን፣ የሽንት ሙከራ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ግብፃውያን የነፍሰ ጡርን ሽንት ገብስና ስንዴ ላይ ያፈሱ ነበር፤ የትኛው ቀድሞ እንደበቀለ አይተው ጾታ ይናገራሉ። በ1963 ሲፈተሽ ከነፍሰ ጡሮቹ ሽንት 70 በመቶው እህሉን አበቀለው። እርግዝናን በመለየት በኩል ጥሩ ሙከራ ነበር ማለት ነው። ጾታውን ግን አልለየም።

ስክሪን አንባቢ

የአልትራሳውንዱ ድርሻ የእኔ ነው።

ከ11 ሳምንት በታች ጾታ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ከ11 እስከ 14 ባለው ጊዜ የምናየው ያንን ትንሽ እብጠት ነው። ጽንሱ በጎኑ በኩል፣ ከራስ እስከ መቀመጫ ቀጥ ብሎ መታየት አለበት፤ አንገቱ ከታጠፈ ወይም ጀርባው ከተቆለመመ ማዕዘኑ ይዛባል። ከጀርባው የታችኛው ክፍል ጋር ትይዩ መስመር ይሰመራል። እብጠቱ ከዚያ መስመር ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ከተነሳ ወንድ፣ ትይዩ ከሆነ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ሴት። መካከል ላይ ያለውን አስተዋይ ባለሙያ «አልታወቀም» ብሎ ይተወዋል። በ1999 የታተመ የለንደን ጥናት በዚህ ዘዴ በ11 ሳምንት 70.3 በመቶ፣ በ12 ሳምንት 98.7 በመቶ፣ በ13 ሳምንት 100 በመቶ አግኝቷል። አንድ ሳምንት መታገሥ ምን ያህል እንደሚለውጥ ተመልከቱ። ይህ ግን በሠለጠነ እጅና በጥሩ ማሽን የተገኘ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይ በ12 ሳምንት ያንኑ አትጠብቁ።

ለሁሉም የሚመቸው ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ነው። ዋናው ዓላማ ልብን፣ አከርካሪን፣ ኩላሊትን፣ የእንግዴ ልጁን ቦታ ማየት ነው፤ ጾታው አብሮ ይታያል። ከጭኖቹ በታች በኩል ስናይ ሦስት ትይዩ መስመሮች ከታዩ ሴት ናት፤ ወንድ ሲሆን ከረጢቱና ብልቱ አንድ ላይ ይታያሉ። በዚህ ዕድሜ ከረጢቱ ባዶ ነው፣ ፍሬዎቹ የሚወርዱት በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ፍሬ አልታየም» ማለት ሴት ማለት አይደለም።

የሚያሳስቱን እነዚህ ናቸው። እትብት በጭኖቹ መካከል ሲያልፍ የወንድ ብልት ይመስላል፤ የደም ፍሰት የሚያሳየውን ዶፕለር ስንከፍት ደም ሲፈስበት ከታየ እትብት ነው። የሴት ጽንስ ብልት በእናቲቱ ሆርሞን ያብጥና ከረጢት ይመስላል። ጽንሱ እግሩን ከቆለፈ ወይም በመቀመጫው ከተቀመጠ አይታይም። የእናቲቱ ሆድ ስብ ከበዛ ምስሉ ይደበዝዛል። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ብልቱ ራሱ በተፈጥሮ ለመለየት የሚያስቸግር ይሆናል፤ ያኔ ሐኪም ተጨማሪ ምርመራ ያዛል።

እግሩን የቆለፈ ጽንስ ሲያጋጥም እናቲቱ ሽንቷን ሸንታ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተራምዳ፣ በጎኗ ተኝታ እንደገና ትታያለች። ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ባይገለበጥ «ሴት ይመስለኛል» የሚል ቃል ከእኛ አታውጡ። ያንን ቃል ይዘው ቤት ቀለም የቀቡ ሰዎች ናቸው በወሊድ ቀን የሚያዝኑት።

የእናቶች ጓዳ

ሳምንት ሳምንት ትላላችሁ፤ አብዛኛው እናት ግን በወር ነው የሚቆጥረው፣ በእኛ አቆጣጠር። እንዴት ታስላው?

አዋላጅ ነኝ

የመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ይያዝ። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ከፈረንጁ ይቀላል። የመውለጃ ቀን 280 ቀን ላይ ነው። ጳጉሜን ሳያልፍ ከሆነ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሩ፤ ጳጉሜን የሚያልፍ ከሆነ 9 ወር ከ5 ቀን፤ ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ከሆነ 9 ወር ከ4 ቀን። መስከረም 5 የጀመረች ሰኔ 15 ትደርሳለች። ጥር 10 የጀመረች ጥቅምት 15።

12 ሳምንት ማለት 2 ወር ከ24 ቀን ነው፤ 20 ሳምንት 4 ወር ከ20 ቀን ነው። ጥር 10 ላይ የጀመረችው 20 ሳምንት የሚሞላት ግንቦት 30 ነው። «አምስት ወሬ ነው» የምትል ሴት 18ም 22ም ሳምንት ልትሆን ስለምትችል ቀኑን በካርዷ ላይ አስጽፉላት። ወር አበባዋ የሚዘበራረቅባት ወይም እያጠባች ያረገዘች ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ በ14 ሳምንት ውስጥ የተነሳ አልትራሳውንድ ይበልጣል።

የሲልቨር ስፕሪንግ ማስታወሻ

እዚህ አሜሪካ ላሉ ወገኖች የደም ምርመራውን ላብራራ። በ1997 በእናት ደም ውስጥ የጽንሱ ዲኤንኤ እንደሚገኝ ታወቀ። ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከክንዷ ደም ተወስዶ ዋይ ክሮሞዞም አለ ወይስ የለም ተብሎ ይታያል። ዋናው ጥቅሙ እንደ ዳውን ሲንድሮም ያሉ የክሮሞዞም ችግሮችን ማጣራት ነው፤ ጾታው ከዚያ ጋር ይመጣል። መስማት ካልፈለጋችሁ ደሙ ከመሰጠቱ በፊት «ጾታው አይነገረን» በሉ፤ ውጤቱ ስልካችሁ ላይ ሊወጣ ይችላልና የኦንላይኑን ገጽ አስቀድማችሁ አትክፈቱ።

ስህተት የሚመጣው እንዲህ ነው። ደሙ ቶሎ ከተወሰደ ወይም የእናቲቱ ክብደት ከፍ ካለ በደሟ ውስጥ የጽንሱ ዲኤንኤ ድርሻ ከ4 በመቶ በታች ይሆንና ብዙ ላቦራቶሪ «ድገሚ» ይላል። መንታ ተጸንሶ አንዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጠፋ የእሱ ዋይ በደሟ ውስጥ ሊቆይና ሴት ጽንስን ወንድ ሊያስብል ይችላል። ከወንድ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የተደረገላትም እንዲሁ። እቤት ከጣት ደም የሚወሰድባቸው ዕቃዎች ደግሞ በወንድ ቆዳ ብናኝ ይበከላሉ፤ ባል ዕቃውን ከነካው ሴቷ «ወንድ» ልትባል ትችላለች። እጅ ከነጥፍሩ በብሩሽ ይታጠብ፣ ጠረጴዛው ይጽዳ፣ ወንዶች ከክፍሉ ይውጡ።

ጾታውን ለማብሰር ፓርቲ የምታዘጋጁ፣ የደሙን ውጤት ከ18 ሳምንቱ አልትራሳውንድ ጋር ሳታስተያዩ ኬክ አትዘዙ።

ሥነ ሕይወት መምህር

ከባህላዊዎቹ ሁሉ ትንሽ እውነት ያለበትን አንዱን ብቻ እንዳንጥለው፤ ማስመለሱን። በስዊድን በ1999 የታተመ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በከባድ ትውከት ሆስፒታል ከተኙት መካከል 55.7 በመቶው ሴት ወልደዋል፤ በጠቅላላው ሕዝብ ሴት የሚወለደው 49 ያህል ነው። ልዩነቱ አለ። ግን ገልብጡትና እዩት፦ አልጋ እስክትይዝ ካስመለሳት 100 ሴት ውስጥ 44ቱ ወንድ ይወልዳሉ። ለተለመደው የጠዋት ማቅለሽለሽ ደግሞ ይህ ቁጥር አይሠራም።

እግረ መንገዴን ቃርም አለ። ቃር የበዛባት እናት ፀጉራም ልጅ ትወልዳለች የሚለውን በ2006 የታተመ ጥናት በ64 ሴቶች ላይ ፈትኖ ዝምድና አግኝቶበታል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የአያቶች አባባል ሁሉ ባዶ አይደለም ለማለት ያህል።

ጤና ኤክስቴንሽን

ስለ ትውከቱ፦ «ሴት ስለሆነች ነው፣ ያልፋል» እየተባለ የሚቆይ ትውከት ሰው ይጎዳል። ለ24 ሰዓት ውሃ እንኳ ካልረጋላት፣ ከእርግዝና በፊት ከነበራት ክብደት ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰች (60 ኪሎ የነበረች ከ57 በታች ከወረደች)፣ ሽንቷ ጠቁሮ ካነሰ ወይም ስትነሳ ካዞራት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ቀለል ላለው በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ደረቅ ነገር፣ ዝንጅብል፣ ውሃውን ከምግብ ለይቶ መጠጣት ይረዳል። ለባለሙያዎች፦ ብዙ ቀን ያስመለሳት ሴት ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣት፤ ካልተሰጣት አንጎሏ ሊጎዳ ይችላል።

የእናቶች ጓዳ

ስለ ህልሙ ማንም አልጻፈም። ቤቱ ሁሉ የሚያምነው ግን እሱን ነው።

አዋላጅ ነኝ

ህልምን ማንም እንዳይነጥቃት። ወንድ ሲወለድ 7፣ ሴት ስትወለድ 3 እልልታ በሚባልበት አገር፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና በሚነሱበት ቤት፣ እናት ሌት ተቀን የምታስበው በህልሟ ቢመጣ አያስገርምም። የሚከፋው ህልሙን ይዘው አባት ወንድ ሲጠብቁ፣ እሷም በሴት ልጇ ስታፍር ነው። ያንን በክትትል ጊዜ ካያችሁ ባልየውን አስገብታችሁ ከላይ የተጻፈውን የኤክስና ዋይ ነገር አስረዱት።

የእናት ልብ በእውነት የሚያውቀው ነገር ግን አለ፤ የልጇን እንቅስቃሴ። ይህን ማሽናችን ከእሷ የተሻለ አያውቀውም። በመጀመሪያ እርግዝና ከ18 እስከ 20 ሳምንት፣ በኋለኞቹ ከ16 ጀምሮ ይሰማታል። ከ28 ሳምንት በኋላ የልጇን ልማድ ታውቀዋለች፤ መቼ እንደሚነቃ፣ መቼ እንደሚተኛ። «ዛሬ ልክ አይደለም» ካለች እመኗት። በልታ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ሌላ ሥራ ትታ ትቁጠር። መራገጥ፣ መገላበጥ፣ መግፋት ይቆጠራል፤ ስቅታ አይቆጠርም። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ፣ ወይም ቢሞላም ከወትሮው ደክሞ ከታያት፣ በዚያኑ ሰዓት ትሂድ። ነገን መጠበቅ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን። «ሊወለድ ሲል ይቀንሳል» የሚባለው ስህተት ነው፤ ቦታ ስለጠበበው ዓይነቱ ይለወጣል እንጂ መጠኑ አይቀንስም።

የሲልቨር ስፕሪንግ ማስታወሻ

እቤት የልብ ምት ማዳመጫ የገዙ ብዙ ናቸው። ምቱ ከተሰማ መሄድ አያስፈልግም ይላሉ። እንግዴ ልጁ ከፊት የሆነባቸው ደግሞ እንቅስቃሴው አይሰማንም ይላሉ።

አዋላጅ ነኝ

ማዳመጫው አያረጋጋ። የተቸገረ ጽንስ ልቡ እየመታ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚሰማው የእናቲቱ የራሷ የደም ሥር ነው፤ ከ60 እስከ 100 ከሆነ የእሷ መሆኑን ጠርጥሩ። እንግዴ ልጁ በፊት በኩል ከተቀመጠ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስከ 22 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፣ መሃል ሆዷ ላይም ደብዘዝ ይልባታል፤ እጇን በጎንና በታች በኩል አድርጋ ትከታተል። በ24 ሳምንት ጨርሶ ካልተሰማት ትታይ። ከ28 በኋላ ግን የእንግዴ ልጁ ቦታ ምክንያት አይሆንም፤ ከራሷ ልማድ ከቀነሰ እኩል ትሄዳለች። ካርዷን ይዛ ትምጣ፣ ስትደርስም መጀመሪያ የምትናገረው «ልጄ እንቅስቃሴው ቀንሷል» የሚለውን ይሁን፤ ተራ ሳትጠብቅ የምትታየው በዚያ ነው።